ኮልፋክስ ጫፍ ላይ የነበረው ሲኒማ

አሜሪካ ደርሶ የተመለሰ ሰው መጀመሪያ የሚጠየቀው ስለ ፎቅ ነው። እኔ ስለ ፎቅ የማወራው ብዙ የለኝም። የሄድኩት ኮሎራዶ ነው። እህቴ ፋጡማ ከባሏ ከጀማል ጋር የምትኖርበት ኦሮራ ከዴንቨር ጋር ተጣብቆ የተዘረጋ፣ ቤቶቹ ከመሬት እምብዛም ያልተነሱ፣ ሰማዩ ግን የትየለሌ የሆነ ከተማ ነው። ጊዜው ሚሊኒየማችን ሊገባ ጥቂት ወራት ሲቀሩት ነበር። ከማል እባላለሁ። ሥራዬ የፊልም ማስታወቂያ መሳል ነበር፤ በማሽን የሚታተመው ፖስተር መጥቶ ከገበያ እስኪያስወጣኝ ድረስ በሲኒማ ቤቶች ደጃፍ ስንት ካውቦይ እንደሰቀልኩ አላህ ይወቀው።

ልነሳ ስል ፋጡማ ደውላ፣ «ጋሼ፣ ሽሮና በርበሬ ብቻ ይዘህልኝ ና፤ ሌላው ሁሉ እዚህ አለ» አለችኝ። እኔ ግን ከሽሮው መሃል ብሩሾቼን ጠቅልዬ ከተትኩ። ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ፤ ያለ እነሱ ከአገር መውጣት ራቁቴን የወጣሁ መሰለኝ። ዋሺንግተን ላይ ሻንጣዬ ተከፈተ። ፈታሿ ከሽሮው ውስጥ ብሩሽ በብሩሽ ላይ ስትጎትት ግንባሯ ተቋጠረ።

«ሰዓሊ ነኝ» አልኳት በምችላት እንግሊዝኛ።

ሽሮውን እያሳየች፣ «ይሄስ? ቀለም ነው?» አለች።

ቃል ስላጠረኝ ቆንጠር አድርጌ ጎረስኩላት። ደረቅ ሽሮ ጉሮሮ ላይ ምን እንደሚያደርግ የሞከረው ያውቀዋል። ሳል ይዞኝ ዓይኔ እንባ ሲሞላ ሴትዮዋ ራሷ ውሃ አመጣችልኝ፤ ጀርባዬን መታ መታ አድርጋ ሻንጣዬን ዘጋችልኝና ወደ ዴንቨር የሚሄደው አውሮፕላን በር ድረስ እየሮጠች ሸኘችኝ። አሜሪካ የተቀበለችኝ እንዲህ ነው።

የዴንቨር አውሮፕላን ማረፊያ ጣሪያው ነጭ ድንኳን ነው። ከሩቅ ሳየው ሠርግ ወይም ለቅሶ ያለበት ግቢ መሰለኝ። ፋጡማና ጀማል አቅፈው ስመውኝ ሲያበቁ መኪናው ጠፋ። ጀማል፣ «እዚሁ ነው ፓርክ ያደረግኳት፤ ወላሂ እዚሁ ነው» እያለ ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው ያዞረናል። ፋጡማ ሻንጣዬ ላይ ቁጭ ብላ፣ «ጋሼ፣ አሁን ቤት ደርሰሃል ብለህ ቁጠረው፤ እኛ ቤት ሁሌም እንዲህ ነው» አለችኝ። መኪናው የተገኘው አንድ ፎቅ ታች ነበር።

መንገድ ላይ ሁለቱም ውሃ ጠጣ እያሉ ወተወቱኝ። ዴንቨር ከፍታ ላይ ስለሆነች እንግዳ ታዞራለች አሉ።

«ከአዲስ አበባ እኮ ወርጄ ነው የመጣሁት» አልኳቸው።

ጀማል ትንሽ አሰበና፣ «እውነትም! ስንት ዓመት ለእንግዳ ሁሉ ስናገር ይቺ ትዝ ብላኝ አታውቅም» ብሎ ሳቀ። ውሃውን ግን አጠጡኝ።

በማግስቱ ጀማል ኢስት ኮልፋክስ ላይ ያለውን ሱቁን አሳየኝ። ኮልፋክስ ረጅም መንገድ ነው፤ አስራ አምስት ቁጥር አውቶቡስ ላይ ታች ይልበታል። ግራና ቀኙ የኛ ምግብ ቤቶች፣ የጎማ ጥገና፣ ርካሽ ሞቴል፣ የሜክሲኮ ዳቦ ቤት ነው። የመርካቶ ግርግር የለውም እንጂ ጠባዩ የመርካቶ ነው፤ ሰው ለመግዛት ገብቶ ለማውራት ይቆያል። ደንበኛው ሁሉ «አገር እንዴት ነው? ለሚሊኒየም ምን ተዘጋጀ?» ይለኛል። ሥራዬ ምን እንደነበር ስናገር አንዱ ታክሲ ነጂ ከት ብሎ ሳቀ።

«የሲኒማ ሰው ከሆኑማ ከጋሽ ሀብቶም ጋር ያገናኙዎት!»

ሌሎቹም ሳቁ። ጀማል ግን አልሳቀም፤ የሽንኩርት ጆንያ ማስተካከል ጀመረ።

ታሪኩን ቤት ስንገባ ፋጡማ ነገረችኝ። አቶ ሀብቶም ከእነሱ ሥር ባለው አፓርታማ የሚኖሩ ኤርትራዊ ናቸው። በአማርኛ ነው የተማሩት፤ ብዙ ዘመን ታክሲ ነድተው አሁን ጡረታ ወጥተዋል። ጀማል ሱቁን ሲከፍት መደርደሪያውን አብረውት የገጠሙ፣ ፋጡማ ስትወልድ ሆስፒታል ያደረሷት እሳቸው ናቸው። ሁለቱ አገሮች ሲዋጉ እዚህ ያለው ሕዝብ ቡናውን ሳይቀር ለይቶ ሲጠጣ፣ ጋሽ ሀብቶም ከጀማል ሱቅ አንድ ቀን አልቀሩም።

«ጦርነት ያልለያያቸውን ሰዎች ሲኒማ ለያያቸው» አለችኝ ፋጡማ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጋሽ ሀብቶም አንድ ቀን ሱቅ ውስጥ፣ የመጀመሪያዎቹ የካውቦይ ፊልሞች የተሠሩት ሆሊውድ ሳይሆን እዚሁ አጠገባችን ጎልደን ከተማ ነው ብለው ተናገሩ። ሰው ሳቀ። ጀማልም ሳቁን ለማድመቅ፣ «ጋሽ ሀብቶም፣ ነገ ደግሞ አስመራ ነው የተሠራው ይሉናል!» አለ። ሽማግሌው የያዙትን ዳቦ ባንኮኒው ላይ አስቀምጠው ወጡ። ከዚያ ወዲያ ወደ ሱቁ አልመጡም፤ ለኢድም ቤታቸውን አንኳኩተን አልከፈቱልንም አለችኝ።

በሦስተኛው ቀን ወርጄ በራቸውን አንኳኳሁ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው የቆለፉ ሰው ከፈቱልኝ።

«የፋጡማ ወንድም ነህ፤ ትመሳሰላላችሁ። ግባ፣ ሻይ ላፍላ።»

«ጋሽ ሀብቶም፣ ስለ ፊልሙ ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት።»

ፊታቸው ጠቆረ። «ጀማል ነው የላከህ?»

«ማንም አልላከኝም። ካውቦይ ስስል ነው ያረጀሁት። እውነት ከሆነ ቦታውን ማየት እፈልጋለሁ።»

ሻዩን ቀዱ። ከዚያ፣ «አንዲት አሮጊት ነበረች፤ ሐኪም ቤት የማመላልሳት» አሉኝ። «አባቷ በጎረምሳነቱ ጎልደን ውስጥ ከፈረስ እየወደቀ ይከፈለው እንደነበር አጫወተችኝ፤ ድምፅ አልባ ፊልም ለሚያነሱ ሰዎች። ሆሊውድ ገና እርሻ ሳለ! የሰማሁትን ነው ያወራሁት። ልዋሽ ብፈልግ ከፈረስ ወደቀ እላለሁ? ንጉሥ ሆኖ ተጫወተ አልልም?»

«ታዲያ ሄደው አላዩትም?»

ብርጭቆውን በጣታቸው አዞሩት። «ፈራኋ። ሄጄ ባጣውስ? ያን ጊዜ ውሸታም መሆኔን በገዛ እግሬ ሄጄ አረጋገጥኩ ማለት ነው።»

«ካጣነው ተራራ አይተን እንመለሳለን» አልኳቸው።

በማግስቱ በአሮጌ ቶዮታቸው ወጣን። የገረመኝ መንገዱ ነው። ከጀማል ሱቅ ፊት የሚያልፈው ያው ኮልፋክስ ዴንቨርን ሰንጥቆ፣ የክፍለ ግዛቱን ምክር ቤት ወርቃማ ጉልላት አልፎ፣ ወደ ተራሮቹ እየሄደ ጎልደን አፋፍ ላይ ያደርሳል። እዚያ አገር አቅጣጫ የጠፋው ሰው ተራራውን ይፈልጋል፤ ተራራው ሁልጊዜ በምዕራብ ነው። እኛ እንጦጦን አይተን ሰሜንን እንደምንለየው ማለት ነው።

ጎልደን ትንሽ ከተማ ናት። ከላይዋ ልክ እንደኛ አምባ አናቱ ጠፍጣፋ የሆነ ተራራ ተቀምጦባታል፤ በመሃሏ ድንጋይ ለድንጋይ የሚንደረደር ወንዝ ያልፋል። የቢራ ፋብሪካ ስላለ አየሩ ብቅል ብቅል ይሸታል። ዋናው መንገድ ላይ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ትልቅ የሰላምታ ጽሑፍ ተሰቅሏል። ፊደሉን የጻፈው ሰው እጅ እንዳለው አይቼ ባርኔጣ ቢኖረኝ አነሳለት ነበር።

ሰው መጠየቅ ጀመርን። ጫማ የሚሸጥ ወጣት፣ «ፊልም? ፊልም ካሊፎርኒያ ነው» አለን። ውሻ የሚያንሸራሽሩ ባልና ሚስት እርስ በርስ ተያዩና ትከሻቸውን ነቀነቁ። የከተማዋን ታሪክ የሚያሳየው ትንሽ ሙዚየም ዝግ ነበር። ጋሽ ሀብቶም በእያንዳንዱ መልስ ትከሻቸው እየወረደ ሄደ። በመጨረሻ ወንዙ ዳር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ።

«ይበቃናል ከማል፤ እንመለስ።»

መልስ ሳልሰጣቸው ሰማዩ ጠቆረ። ቀጥሎ የወረደው በረዶ የሐምሌን በረዶ ያስንቃል፤ እያንዳንዱ ፍሬ የሽምብራ ሳይሆን የሎሚ ልጅ ነው። ጋሽ ሀብቶምን በክንዳቸው ይዤ መጀመሪያ ያገኘሁት በር ውስጥ ገባሁ። ባርኔጣ ቤት ነበር። ባለቤቷ ዶሪስ የምትባል ነጭ ፀጉር ያላት ሴት ናት፤ ማን ናችሁ ሳትል ፎጣ አመጣች፣ ሻይ አመጣች፣ ቀጥላም ትልልቅ ሳንድዊች አመጣች።

ጋሽ ሀብቶም ከንፈራቸውን ሳያንቀሳቅሱ፣ «አሳማ ነው» አሉኝ።

እኔ ሙስሊም፣ እሳቸው ኦርቶዶክስ፣ ሁለታችንም ሳንድዊቹን በሁለት እጃችን እንደ አደራ ዕቃ ይዘን ተቀመጥን። ዶሪስ አንዴ እኔን፣ አንዴ እሳቸውን አየችና ግንባሯን በመዳፏ መታች። ሳንድዊቹን ከእጃችን ቀምታ በቅቤ የተጠበሰ ዳቦና እንቁላል ይዛ ተመለሰች። ከዚያ በኋላ ማን ይፈራራል? ጋሽ ሀብቶም ጥያቄያቸውን ጠየቁ።

ዶሪስ የያዘችውን ማንኪያ አስቀመጠች። የተናገረችውን እሳቸው ተረጎሙልኝ።

«ይህን ሱቅ ከከፈትኩ ጀምሮ ይህን የጠየቀኝ የውጭ ሰው የለም ትላለች።»

ከጓዳ ፎቶዎች አወጣች። ባለ ሦስት እግር ካሜራ ወንዙ ውስጥ ቆሟል፤ ሱሪያቸውን የሰበሰቡ ሰዎች ከብበውታል። ባለ ባርኔጣ ፈረሰኞች ይጠብቃሉ። ፊልም አንሺዎቹ ብርሃኑን፣ ገደሉንና ሥራ ያጡ እውነተኛ ከብት ነጂዎችን ፈልገው መጥተው ነበር አለችን። ጥቂት ከርመው የክረምቱን በረዶ ሸሽተው ወደ ካሊፎርኒያ ወረዱ፤ ዝናውም አብሯቸው ሄደ። እሷና ጥቂት ጓደኞቿ አንዱን አጭር ፊልም በዲቪዲ አስቀድተው አስቀምጠዋል፤ ነገ ከቤት አመጣዋለሁ፣ ተመልሳችሁ ኑ አለችን።

ሄድን እንጂ! ጋሽ ሀብቶም ክራባት አድርገው መጡ። ከሱቁ ጓዳ ትንሽ ቴሌቪዥን ፊት ተቀመጥን። ሽፍቶች ሰረገላ ያስቆማሉ፣ ሳጥን ይወስዳሉ፣ ባለ ነጭ ባርኔጣው ያሳድዳቸዋል። አንዱ ሽፍታ ከነፈረሱ ወንዙ ውስጥ ይገባል። ከሁሉም ኋላ፣ ጭረት በበዛበት ምስል ውስጥ፣ አናቱ ጠፍጣፋ ተራራ ቆሟል።

ጋሽ ሀብቶም ብድግ ብለው ወደ መስኮቱ ሄዱ። ወደ ቴሌቪዥኑ ተመለሱ። እንደገና ወደ መስኮቱ።

«ያው ነው» አሉ። «ከማል፣ ና እየው፣ ያው ተራራ ነው!»

እኔም ልቤ ሞላ። ዕድሜ ልኬን ከካውቦዮቼ ጀርባ የምስለው ተራራ የራሴን ነበር፤ አሜሪካን አይቼ አላውቅማ፣ የማውቀው የረርን ነው። ያ ባለ ባርኔጣ ሰውዬ እዚህ አምባ ሥር እንደጋለበ ሳውቅ ብዙም እንዳልተሳሳትኩ ተሰማኝ።

ዶሪስ ፊልሙን እሑድ ከሰዓት በከተማዋ አዳራሽ እንደምታሳይ፣ ነገር ግን ብዙ ሰው እንደማትጠብቅ ነገረችን። ማስታወቂያሽ የታል አልኳት። ነጭ ወረቀት ላይ የታተመ ጽሑፍ ሰጠችኝ።

«ይንገሯት» አልኳቸው ጋሽ ሀብቶምን፤ «ይሄ ማስታወቂያ አይደለም፤ የሐኪም ማዘዣ ነው። ሸራና ቀለም ትስጠኝ።»

ሁለት ሸራ ተሸክሜ ኦሮራ ገባሁ። የቀሩትን ቀናት ከጀማል ሱቅ ጀርባ፣ የጤፍ ጆንያ መሃል ስቀባ ዋልኩ። ፈረሱን ሳልኩ፣ ወንዙን ሳልኩ፣ አምባውን ሳልኩ። የፋጡማ ልጅ ሰሚራ ከትምህርት ቤት መጥታ እያየችኝ ቆየችና፣ «አንክል፣ ስፔሊንጉ ሮንግ ነው» አለችኝ። «ድምፅ አልባ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ሁለት ፊደል አቀያይሬዋለሁ። የእንግሊዝኛ ፊደል ሁሌም እንደ ሥዕል እያየሁ ነው የምገለብጠው። ስሕተቱን በፈረስ አቧራ ሸፍኜ በላዩ አስተካክዬ ጻፍኩ፤ አቧራውም ለፈረሱ ፍጥነት ጨመረለት።

ጀማል ያን ጊዜ ነው የገባው። ሥዕሉን ለረጅም ጊዜ አየ።

«ጋሽ ከማል፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«የጋሽ ሀብቶም ፊልም ነው።»

«አለ እንዴ?»

«በዓይኔ አይቼዋለሁ።»

ጆንያው ላይ ቁጭ አለ። «የአስመራዋን ነገር እኮ ለጨዋታ ነው ያልኳት። ወላሂ ከአፌ አመለጠችኝ። ሰው በአገሩ ሲመጡበት እንዴት እንደሚያም እያወቅኩ።»

«ይህን ለእኔ ብትነግረኝ ምን ይረባል?» አልኩት።

ከጆንያው ተነሳ። ቀጥሎ ሁለተኛውን ሸራ፣ ገና ቀለሙ ያልደረቀውን፣ አንስቶ ወጣ። በነጋታው ስመጣ ሸራው የሱቁ መስኮት ላይ ነው፤ የበርበሬው ዋጋ የተጻፈበትን ወረቀት ጨርሶ ሸፍኖታል። ጀማልም ለሚገባው ደንበኛ ሁሉ፣ «እሑድ ሱቅ ዝግ ነው፤ ሁላችንም ጎልደን ነን። ጋሽ ሀብቶም ያሉት እውነት ነበር» እያለ ይናገራል። እሑድ ሱቅ ዘግቶ አያውቅም አለችኝ ፋጡማ። ለጋሽ ሀብቶም ግን እንደሚመጣ እንዳልነግር ጀማል አስማለኝ፤ ሰምተው ይቀሩብኛል ብሎ ነው።

ሰኞ በረራዬ ስለነበር እሑድ የመጨረሻ ቀኔ ናት። ከጋሽ ሀብቶም ጋር ቀደም ብለን ደረስን። ዶሪስ ቀድመን ያደረስንላትን ሥዕሌን የአዳራሹ በር ላይ ሰቅላ፣ መጋረጃ ዘግታ፣ ጥቂት ወንበሮች ደርድራለች። የጎልደን ሽማግሌዎች አንድ ሁለት እያሉ ገቡ። ልትጀምር ስትል ውጭ የመኪና በር ድብ ድብ ሲል ተሰማ። የአውሮፕላን ማረፊያ ሚኒባስ ነጂዎች፣ የሆቴል ሠራተኞች፣ ነጠላ የለበሱ እናቶች፣ ሂጃብ ያደረጉ ልጆች፣ ግማሹ ኮልፋክስ ገባ። ዶሪስ ወንበር ፍለጋ ስትሮጥ ፊቷ የመስከረም ፀሐይ መስሎ ነበር። ጀማል መጨረሻ ገብቶ ከኋላ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። ጋሽ ሀብቶም ከፊት ስለነበሩ አላዩትም።

ፊልሙ ተጀመረ። ድምፅ የለውም። በየመሃሉ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ብቅ ይላል፤ እንግሊዝኛ የማያውቁ አንዲት እናት፣ «ኧረ ምን አለ?» አሉ ጮክ ብለው።

ጋሽ ሀብቶም ዞር ብለው በሹክሹክታ ነገሯቸው።

«አልሰማሁም!»

ደገሙላቸው። በዚህ ጊዜ ከኋላ የጀማል ድምፅ መጣ፦

«ጋሽ ሀብቶም! ሁላችንም አልሰማንም። በአላህ ይዤዎታለሁ፣ ተነስተው ይንገሩን!»

ሰው ሁሉ ወደ ኋላ ዞረ። ሽማግሌው ድምፁን አውቀውታል፤ አንገታቸው ቀጥ ብሎ ቀረ። መነሳታቸውን ተጠራጠርኩ። ከዚያ ክራባታቸውን አስተካከሉና ተነስተው ከምስሉ ጎን ቆሙ።

«ይህ የምታዩት ሰውዬ» አሉ ወደ ባለ ጥቁር ባርኔጣው እየጠቆሙ፣ «አያድርስ የሆነ ሌባ ነው። እናቱ ሳትቀር ትፈራዋለች።»

ሳቅ ፈነዳ። እሳቸውም ሞቃቸው። የሰረገላው ሴትዮ አማርኛ ተናገረች፣ ሸሪፉ ተራገመ፣ ፈረሱ ሳይቀር አስተያየት ሰጠ። ፈረንጆቹ አንድ ቃል ሳይገባቸው ከእኛ እኩል ይንከተከታሉ። ያ ሽፍታ ወንዙ ውስጥ ሲዘፈቅ እናቶቹ እልል አሉ።

መብራቱ ሲበራ ጀማል በወንበሮቹ መሃል አልፎ ፊታቸው ቆመ። እጁን የት እንደሚያደርግ ጠፍቶታል።

«ጋሽ ሀብቶም፣ የዚያን ቀን አስመራ ብዬ የተናገርኩት...»

«አስመራ ደግሞ ምን ሆነች?» አሉት ቆጣ ብለው። «ሲኒማ ቤቶቿን ብታያቸው አፍህን ከፍተህ ትቀር ነበር። ቀርፋፋ!» ይህን እያሉ ጭንቅላቱን ይዘው ትከሻቸው ላይ አስጠጉት። ጀማል ቁመቱ ስለሚያንስ ክራባታቸው ውስጥ ተቀበረ። ፋጡማ ዓይኗን በሻርፗ ጠረገች፤ እኔም ቀለም ገባብኝ ብዬ ዓይኔን አሸሁ።

ዶሪስ እጇን አጨብጭባ አንድ ነገር ተናገረች። የጎልደን ሰዎች ከመጀመሪያው ይደገምልን፣ ያም ሰውዬ እንደገና ይናገር ብለዋል አለች። ማንም ከወንበሩ አልተነሳም። ጋሽ ሀብቶም ጀማልን ከአጠገባቸው አቁመው እንደገና ጀመሩ። ግን ታሪኩ ሌላ ሆነ። ባለ ጥቁር ባርኔጣው አሁን ቤት ያለው፣ ልጆች ያሉት፣ የገዛ ሳጥኑን ያስመለሰ ምስኪን ሰው ነው። ወንዝ ውስጥ ሲወድቅ በዚህ ጊዜ እልል ያለ የለም፤ እናቶቹ «እሰይ፣ ተነሳ! ተነሳ!» ይሉታል።

ሰሚራ ከፊት ወንበር እጇን አወጣች። «ግን ቅድም ሌባ ነው ብለው ነበር!»

«ቅድምማ» አሉ ጋሽ ሀብቶም፣ የጀማልን ትከሻ እንደያዙ፣ «አላወቅነውም ነበራ።»